የሽቦ ቤት ዶሮዎችና የሚስቴ ጎመን

ስለ ዶሮዎቹ ከመጻፌ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ አለበለዚያ ሥራ የፈታ ሽማግሌ የጻፈው ይመስላል። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እንግሊዝኛን ከሬዲዮ፣ ኤሌክትሪክን ከተቃጠለ ፊውዝ፣ የቧንቧ ሥራን ውሃ ከሞላው ቤዝመንት ለቅሜአለሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ የኪራይ ሕንጻ ጥገና ላይ ተቀጥሬ እስከ ጡረታዬ ስሠራ ሌላ ባለሙያ ጠርቼ አላውቅም። ማሞቂያ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደታመመ ከድምፁ እለያለሁ። ዛሬም በክረምት ከማርቲንዴል ሰፈር እስከ ፓይንሪጅ ያለ አበሻ ቤቱ ሲቀዘቅዝበት መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ለኩባንያ የሚደውለው እኔ ስልክ ካላነሳሁ ነው።

ሌላም ክብር ነበረኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በምንኖርበት ሕንጻ ውስጥ የአገራችን ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ገሚሶቹ ባል የላቸውም፣ የገሚሶቹ ባል ሺፍት ላይ ነው። በበዓል ዋዜማ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ዘንድ የቁም ዶሮ ለመግዛት አብረን እንሄዳለን። ሴት ደግሞ ዶሮ አታርድም። አገር ቤት ቢሆን ዶሮዋንና ቢላዋን ይዛ ደጅ ላይ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትለምናለች፤ እዚህ የሚያልፍ ወንድ የለም። ስለዚህ የሁሉንም ዶሮ የማርደው እኔ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ፣ በስመ አብ እላለሁ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ነው። የእኔ እጅ አያሰቃይም ይሉ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ሴቶቹ ናቸው።

የእኛን ዶሮ ሳርድ እግሯን የምትይዝልኝ ሚስቴ ነበረች። ፊቷን አዙራ ነው የምትይዘው። የሴት ወግ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ሚስቴ ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው ዶሮ ፋብሪካ ነው። ከእኛ ሰው ብዙው እዚያ ሠርቷል፤ «ዶሮ ፋብሪካ ነኝ» ይባላል፣ በቃ፣ ማንም ዝርዝር አይጠይቅም። እኔ የማሸግ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሥራውን ስታቆም ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር፤ መርፌ ክር ማስገባት አትችልም። ቀስ በቀስ ወሬዋም አለቀ። ክረምቱን መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትገፋዋለች። እንቅልፍ የላትም። ሐኪም ኪኒን ሰጣት፣ ዋጠችው፣ ምንም አልሆነም። ማርቲንዴል የምትኖረው ልጃችን በመጣች ቁጥር ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ ታገኘኝና «አባዬ፣ ማሚ ኦኬ አይደለችም» ትለኛለች፤ እኔ እንደማላይ ሁሉ።

ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ሚስቴን ከቤት የሚያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዶቨር ሰፈር ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ ያላት የጎመን መደብ ነው። ዘሩን እህቷ በሰው የላከችላት ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ውርጭ ሲያበቃ፣ ጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ትወጣለች። በማይታዘዙላት ጣቶች ትኮተኩታለች፣ አረም ትነቅላለች፣ እኔንም ትቆጣለች። እስክትቆጣኝ ድረስ ነበር ክረምቱን የምጠብቀው።

ያ መደብ ግን መሞት ጀመረ። የዶቨር አፈር ሸክላ ነው፤ ዓመት በዓመት ጎመን እየተተከለበት ደክሟል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ነጫጭ ቢራቢሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል፣ አረንጓዴ ትል ይበሳዋል። ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው መስከረም ሚስቴ ወንፊት የመሰለ ቅጠል አንሥታ ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና «ከእንግዲህ አልተክልም» አለች። የተናገረችው በቀዝቃዛ ድምፅ ነው። ያን ክረምት እኔ ያሰብኩት ስለ ጎመን አልነበረም። መደቡ ከሞተ እሷ ከወንበሯ የምትነሣበት ምክንያት እንደማይኖር ነው።

እኔ ደግሞ ችግር አይቼ እጄን አጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ክረምቱን ሙሉ አነበብኩ፣ ቪዲዮ አየሁ። መልሱ ዶሮ ሆኖ ተገኘ። ዶሮ ትሉን ይለቅማል፣ አፈሩን ይጭራል፣ ኩሱ ያዳብራል። በእኛ ከተማ ፈቃድ ያወጣ ሰው አራት ሴት ዶሮ ማስቀመጥ ይችላል። ፈቃዱን አወጣሁ። ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ የምትኖር አንዲት ፈረንጅ ደግሞ ለእንቁላል ብቻ በሽቦ ሳጥን ውስጥ የሚጠበቁ ዶሮዎችን፣ እንቁላላቸው ቀንሶ ወደ ማረጃ ሊጫኑ ሲሉ፣ ለምና እየወሰደች ለሰው ታድላለች። አራት ሰጠችኝ። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ድንገት አይታ ደስ እንዲላት ነበር የፈለግኩት።

ዶሮዎቹን ሳይ እኔም ደንግጫለሁ። አንገታቸው ላይ ላባ የለም፣ ቆዳቸው እንደ ተላጠ ድንች ነው። የመንቆራቸው ጫፍ ተቆርጧል። በራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቷል፣ ወደ አንድ ጎን ወድቋል። በቢጫ ፕላስቲክ ሳጥን ጭኜ አመጣኋቸውና ጓሮ አወረድኩ። ሚስቴ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ የኋላውን በር ከፈተች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሠራተኛ አመጣሁልሽ» አልኳት። «ጎመንሽን የሚያድኑት እነዚህ ናቸው። እኔ ደግሞ እነሱን ከማረጃ አዳንኳቸው።»

ዶሮዎቹን አልነበረም ያየችው፤ ሳጥኑን ነው። ደረጃው ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«አንተ አዳንካቸው?» አለችና ገባች።

በማግሥቱ አልወጣችም። ከዚያም በኋላ አልወጣችም። በጓሮ በኩል ያለውን የኩሽና መጋረጃ ዘጋችው። ግንቦት መጨረሻ ነበር፣ ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ። ቤዝመንት ውስጥ በመብራት ያሳደግኳቸውን ችግኞች ራሴ ተከልኳቸው። ትመጣለች ብዬ ዶማዋን ደረጃው ላይ አቆምኩላት። ዶማው እዚያው ቆመ።

ዶሮዎቹም እንደጠበቅኳቸው አልሆኑም። እኔ የማውቀው ዶሮ ከቅርፊቱ ሲወጣ እየጫረ ነው። እነዚህ አፈር ረግጠው አያውቁም። ከሳጥኑ ሳወጣቸው ተጠጋግተው፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው፣ ዝም ብለው ቆሙ። ትል አንሥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ፤ አዩትና ሸሹ። አመሻሽ ላይ ቆጥ ላይ መውጣት አያውቁም፣ አንድ በአንድ እያነሣሁ አስቀምጣቸው ነበር።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጥ፣ ምላሱ ግን የጎረምሳ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሰው እየሰማ ያዘኝ።

«ጡረታ ወጥተህ ጡረተኛ ዶሮ ቀጠርክ አሉ።»

ገና እየተማሩ ነው አልኩት።

«ለፍልሰታ መፍቻ አንዷን አስቀምጥልኝ።»

«አጥንት ነው የምታገኘው።»

«ግድ የለም፣ ወሬህን እየበሉ ይሰባሉ።»

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሚስቴ ሴቶቹ ጋ ተቀምጣ ነበር፤ ሰምታለች፣ አልሳቀችም። ማንኛውም አበሻ ዶሮ ሲባል ወጥ ነው የሚታየው፤ ለእሷ የሚታያት ሌላ መሆኑን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ዶሮዎቹ ተማሩ። አንደኛዋ፣ ከሁሉም ይልቅ የተላጠችው፣ አንድ ጠዋት እግሯን ወደ ኋላ ጠረገች፣ ያገኘችውን አየች፣ ዋጠች። ሌሎቹ አዩዋት። እኔ ተደስቼ መደቡ መሃል ለቀቅኳቸውና ፓይንሪጅ ላለ አንድ ሰው ቧንቧ ልሠራ ሄድኩ። ስመለስ ትል የለም። ጎመንም የለም። መሬቱ ላይ የቆመው የቅጠሉ አጥንት ብቻ ነበር። አገር ቤት የጎመን ጓሮ በእሾህ የሚታጠረው ለምን እንደሆነ ከልጅነቴ አውቅ ነበር፤ የሽቦ ዶሮ ግን እንደዚያ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል?

ልጃችን በሚቀጥለው እሑድ መጥታ በመስኮት አየች። «አባዬ፣ የማሚን ጎመን አበላሃቸው? ሲሪየስሊ?» አለች። ዘሩ እንዳለ፣ አጥር ሠርቼ እንደገና እንደምዘራ ነገርኳት። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ማሚ ሃንጊንግ ላይ እንደነበረች አታውቅም?»

«ምንድን ነው ሃንጊንግ?»

ነገረችኝ። ዶሮዎቹ በሕይወት እያሉ በቢጫ ሳጥን ይመጣሉ። ሠራተኛው እግራቸውን ይዞ፣ ገልብጦ፣ ከፊቱ በሚያልፍ ብረት ላይ ይሰቅላቸዋል። ብረቱ አይቆምም። የእናቷ ሥራ ጡረታ እስክትወጣ ይኸው ነበር። ልጃችን ያወቀችው፣ ከሺፍት ወደ ቤት ስትወስዳት መኪና ውስጥ ልብሷ ላይ ላባና ጭረት እያየች ጠይቃ ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። እኔ ብዙ ነገር ሳይነገረኝ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አላወቅኩም።

ልጃችን ስትሄድ ወደ ሚስቴ ገባሁ። ወንበሯ ላይ ነበረች። «ልመልሳቸው?» አልኳት።

«ወዴት?» አለችኝ።

ፈረንጇ ቦታ እንደሌላት ነግራኛለች። ሌላው መመለሻ ሚስቴ ፊቱ ስትቆም የኖረችው ያው ብረት ነው። «ተዋቸው» አለች። እኔም ወጥቼ አጥር መሥራት ጀመርኩ።

ያ አጥር የሰው ዓይን የሚስብ ነበር፤ አሁንም ነው። ከቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧና ከመረብ የተሠራ፣ አንድ ሰው አንሥቶ ከመደብ መደብ የሚያዛውረው ቤት ነው። ዶሮዎቹ ባዶው መደብ ላይ ይጭራሉ፤ እነሱ የጨረሱት ላይ እኔ አዳብሬ እዘራለሁ። ከላይ ለበረዶ የሚሆን ሁለተኛ መረብ ዘረጋሁ። የቀረውን ዘር ግማሹን ዘራሁ። አፈሩ ጠቆረ፣ በእጅ ሲጨበጥ ይፈረፈር ጀመር። ዶሮዎቹም ላባ አበቀሉ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ክንፋቸውን ዘርግተው አቧራ ውስጥ ይተኛሉ፣ የሞቱ ይመስላሉ። በየቀኑ ከሚጥሉት እንቁላል በጾም ቀን የሚተርፈውን ለጎረቤት አድል ነበር። ይህን ሁሉ የማየው ለብቻዬ ነው። መጋረጃው አልተከፈተም። ገብቼ ለሚስቴ ጎመኑ እንደበቀለ እነግራታለሁ፤ «ጥሩ» ትላለች። እየከሳች ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በጾሙ መሃል የመጀመሪያዋ ጫሪ፣ ያቺ ደፋሯ፣ ታመመች። ሆዷ ውሃ እንደሞላው ፊኛ ተነፋ፣ ጅራቷ ወደቀ፣ ቁጭ ብላ በአፏ ትተነፍሳለች። ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነው የሚለው፤ እነዚህ ዶሮዎች የተፈጠሩት እንቁላል እንዲጥሉ ብቻ ስለሆነ ሆዳቸው ውስጥ ይበላሻል፣ መዳኛ የለውም። ልጃችን የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ደወለች፤ ዶሮ አናይም አሉ። ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ለከተማው ሴቶች ሁሉ ያረድኩ ሰው ነኝ። ቢላዋዬን ስዬ፣ ዶሮዋን ይዤ፣ ከጋራዡ ኋላ ሄጄ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ።

«በስመ» ብዬ ቀረሁ።

የሚባረከው የሚበላ ነው። ይህችን የሚበላት የለም፤ ጾም ነው፣ እሷም በሽተኛ ናት። በሕይወቴ ለገበታ ሳይሆን ያረድኩት ነገር የለም። ሳልባርክ ላርዳት አልሆነልኝም፤ ባርኬ ልጥላትም አልቻልኩም። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መልሼ ዶሮዋን እንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ አስተኛኋት። ነገ ራሷ ትሞታለች አልኩ። በማግሥቱ አልሞተችም። እንደ በር ማጠፊያ የሚጮህ ድምፅ ታወጣ ጀመር፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ። ድምፁ በተዘጋ መጋረጃ ውስጥ ያልፋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ እኔ ዶሮዋ አጠገብ ተንበርክኬ ሳለሁ የኋላው በር ተከፈተ። ሚስቴ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር ደረጃውን ወረደች። ሣሩን አቋረጠች። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

«ስጠኝ» አለች።

ለሐኪም እንደተደወለ፣ ነገ ሌላ እንደምንሞክር ስነግራት፣ «ስጠኝ አልኩህ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ዶሮዋን ደረቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነችላት። በደነዘዙት ጣቶቿ ደረቷን ታሻሽ ጀመር። ያ ጩኸት ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ።

«እዚያ መብራቱ ሰማያዊ ነው» አለች። ለእኔ ይሁን ለዶሮዋ አላወቅኩም። «ጨለማ ስለሚመስላቸው ዝም ይላሉ። ደረታቸውን ግን የሆነ ነገር ካልነካቸው ይንፈራገጣሉ። የተሰበሩ ይመጡ ነበር። እነሱን ሱፐርቫይዘሩ ሳያይ ቶሎ እገላግላቸው ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «በል፣ በለው።»

«ምኑን?»

«በስመ አብን ነዋ። ለዚያ ሁሉ ዶሮ ማንም አላለም። ለዚች በልላት።»

ሴት እንደማታርድ፣ ያለ ቢላ የሞተ ደግሞ ጥምብ እንደሆነ፣ የሚበላ ካልሆነ እንደማይባረክ ነገርኳት። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ማን ብላት አለህ?» አለች።

ተነሥቼ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፤ ለበዓል ዶሮ እንደምለው በጥድፊያ አይደለም፣ ቃሉን አንድ በአንድ። አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እሷም አሜን አለች። ወደ ኋላ ስዞር ሥራዋን እየጨረሰች ነበር። የዶሮዋ አንገት ላይ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ፊቷን አላዞረችም። እኔ ያረድኳቸው ዶሮዎች ሁሉ ከዚያ በኋላ ትንሽ ይንፈራገጡ ነበር። ያቺ ምንም አላለችም።

አላለቀሰችም። አካፋውን ከእጄ ወስዳ ባዶው መደብ ላይ ራሷ ቆፈረች። ጥልቅ ቆፈረች፣ ቀበሮ እንዳያወጣት። ዶሮዋን አስገብታ አፈር መለሰች። የመጨረሻውን እፍኝ ግን አልጣለችውም፤ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ አሸተተችው።

«ኩሱ ይበዛበታል» አለችኝ። «ያቃጥለዋል። ሳይበስል ነው የጨመርከው።»

ለክቼ እንደጨመርኩ፣ አንብቤ እንደሆነ ተከራከርኳት። «ማንበብህን ተወውና ውሃ አምጣ» አለች። አመጣሁ። ጎመኑን እስኪጨልም አጠጣችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት ትወጣ ነበር፤ ግን ወንበሯን ለዶሮዎቹ ጀርባ ሰጥታ ነው የምታስቀምጠው። ስለ ፋብሪካው ዳግመኛ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለተኛዋ ዶሮ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል በዚያው በሽታ ሞተች፤ ያኔም ሚስቴ ወጣች፣ እኔም ቃሉን አልኩ። ሦስተኛዋ ጥር ላይ ብርዱ ሲበረታ ከቆጧ ወድቃ ጠዋት ደርቃ አገኘኋት፤ ለእሷ አልደረስንላትም። አሁን አንዲት ቀርታለች። ሚስቴም መስኮቱ አጠገብ ነች፤ ቀኑ አጭር ነው፣ እንቅልፍም አልተመለሰም። ግንቦት ሲመጣ ትወጣ አትወጣ አላውቅም። ሰው ስለ እነዚህ ዶሮዎች ሲጠይቀኝ ግን የማሳየው ሥራ አለኝ፤ እነሆ፦

ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌትና ከአሮጌ በር የሠራሁት የዶሮ ቤት የካልጋሪ ሜዳ ነፋስ አያልፈውም።

ክረምቱን ሙሉ የዶሮዎቹን ውሃ አንድም ጠዋት በረዶ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ማሞቂያውን ከተበላሸ የቡና ማሽን ፈትቼ የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ሐምሌ ላይ በረዶ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ሲደበድብ ከእኛ ጎመን አንድ ቅጠል አልተቀደደም።

ሸክላ የነበረው አፈር ዛሬ ሲቆፈር የምድር ትል ይወጣበታል።

አፈር የማያውቁ አራት ዶሮዎች መጫር ተምረዋል፣ በፀሐይ ተኝተዋል፣ ላባ ለብሰዋል።

ሁለተኛ የዘራሁት ጎመን ደርሶ፣ መስከረም ላይ ውርጭ ካጣፈጠው በኋላ፣ ሚስቴ በገዛ እጇ ቀንጥሳዋለች። የልጃችን ፍሪዘር ሞልቷል።

ሚስቴን ከቤት አወጣኋት ብዬ አልጽፍም፤ ያወጣቻት ዶሮዋ ናት። ዶሮዋን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።